የሥራ ባልደረባ በሐሰት ሲወነጅል፦ የትኛው በር በስንት ቀን ይዘጋል?

የመጋዘን ሠራተኛ ነዎት እንበል። ሰኞ ጠዋት፣ ገና መዝገቡን ሳይገልጡ፣ ከሰው ሀብት ክፍል ፖስታ ይመጣልዎታል። ደብዳቤው አራት መስመር ነው፦ «12 ካርቶን ዘይት ያለ መውጫ ሰነድ ከመጋዘን እንዲወጣ ማድረግዎን በሥራ ባልደረባዎ ጥቆማ ስለደረሰን፣ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ።» ጠቋሚው ማን እንደሆነ ይገምታሉ። ነገሩ ውሸት መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በዚህ ሰዓት መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «እከሰዋለሁ!» ነው። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሕግ የሐሰት ውንጀላ አንድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነው። አንደኛው ከአሠሪዎ ጋር የሚደረግ የሥራ ክርክር ነው። ሁለተኛው ከወንጃዩ ጋር የሚደረግ የካሳ ክርክር ነው። ሦስተኛው ወንጀሉ ነው፤ እሱን የሚይዙት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ሦስት በር እንዳለው ግቢ ይቁጠሩት። እያንዳንዱ በር የራሱ ዘበኛና የራሱ የመዝጊያ ሰዓት አለው፤ አንዱ ጋ ተሰልፎ መጠበቅ ሌላውን ክፍት አያቆየውም። ሰው እውነት በእጁ ይዞ መብቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ወንጃዩን ሲያሳድድ የሥራው በር ይዘጋበታል።

«የሐሰት ውንጀላ» የሚባለው የቱ ነው?

ደስ የማይል ንግግር ሁሉ በሕግ ዓይን የሐሰት ውንጀላ አይሆንም። «ሰነፍ ነው»፣ «ከሰው ጋር አይግባባም» የሚሉት አስተያየቶች ናቸው፤ እውነት ወይም ሐሰት ናቸው ብሎ በማስረጃ ማረጋገጥ ያስቸግራል። «መጋቢት 5 ቀን ዘይት ሰርቋል»፣ «ደረሰኝ አጭበርብሯል»፣ «ጉቦ ተቀብሏል» የሚሉት ግን ፍሬ ነገሮች ናቸው። ተደርገዋል ወይም አልተደረጉም፤ በሰነድና በምስክር ይጣራሉ። ሕጉ አጥብቆ የሚይዘው እነዚህን ነው።

ሌላው ልዩነት በተሳሳተ ሰውና በዋሸ ሰው መካከል ያለው ነው። ካርቶኑ ሲወጣ አይቶ ሰነድ የሌለው መስሎት ለአለቃው የተናገረ ሠራተኛ ተሳስቶ ይሆናል። ሰነዱን በዓይኑ አይቶ «ሰነድ የለውም» ያለው ግን ዋሽቷል። በወንጀል ጉዳይ ይህ ልዩነት ትልቅ ቦታ አለው፤ በካሳ ክርክር ግን ያን ያህል አይደለም። ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያልተረጋገጠ ጥቆማ ሁሉ የሐሰት ጥቆማ አይደለም። በተለይ ወሲባዊ ትንኮሳን በሚመለከት፣ አቤቱታ ያቀረበች ሠራተኛ ምስክር ስላጣች ብቻ ዋሽታለች ማለት አይቻልም። የሙስናና የሌላ ወንጀል ጥቆማ የሚሰጡ ሰዎችን የሚጠብቅ ሕግም አለ፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ስለዚህ «በሐሰት ተወነጀልኩ» ብለው ከመክሰስዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ማሳየት የምችለው ክሱ እንዳልተረጋገጠ ብቻ ነው? ወይስ የተባለው ነገር እንዳልተደረገ፣ ከዚያም አልፎ ተናጋሪው ይህን ያውቅ እንደነበር ማሳየት እችላለሁ?

ደብዳቤው የደረሰ ቀን ምን ላድርግ?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ የሚቆመው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በተሰበሰበ ወረቀት ላይ ነው። ደብዳቤውን ይቀበሉ። አልቀበልም ማለት ጥቅም የለውም፤ «አልቀበልም ብሏል» ተብሎ በምስክሮች ይፈረምና እርስዎ መልስ ሳይሰጡ ነገሩ ይቀጥላል። ሲፈርሙ ከፊርማዎ በላይ «መድረሱን ብቻ ለማረጋገጥ፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ቀኑን ይጻፉ።

መልስዎ አጭርና በነጥብ የተለየ ይሁን። የወንጃዩን ጠባይ፣ የድሮ ቂም፣ የደመወዝ ጭማሪ ቅሬታ አንድ ላይ አያጭቁበት። እንዲህ ያለ መልስ ይበቃል፦

«በቀን … በቁጥር … የተጻፈው ደብዳቤ ደርሶኛል። የተባለውን ድርጊት አልፈጸምኩም። በተጠቀሰው ቀን ከመጋዘን የወጣው 12 ካርቶን ዘይት በዕቃ መውጫ ሰነድ (ሞዴል 22) ቁጥር … ተመዝግቦ ወጥቷል፤ ቅጂው ተያይዟል። በዕለቱ በር ላይ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛና ዕቃውን የጫነው ሠራተኛ ምስክሮቼ ናቸው። የጥቆማው ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ የዕለቱ የካሜራ ቅጂ እንዲያዝልኝ፣ ቆጠራውም እኔ ባለሁበት እንዲደረግ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ ከክህደቱ እኩል ጥቅም ያላቸው መጨረሻ ላይ የሰፈሩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የደኅንነት ካሜራ መቅረጫ ሲሞላ አሮጌውን ምስል እየሰረዘ በላዩ ላይ ይቀርጻል፤ ቶሎ ያልተጠየቀ ምስል ከሳምንታት በኋላ አይገኝም። በጽሑፍ ጠይቀው ካልተያዘልዎት ግን «ማስረጃዬን አሠሪው አጠፋብኝ» ብለው ለመከራከር መነሻ ያገኛሉ። ቆጠራም እርስዎ በሌሉበት ከተደረገ በኋላ ቁጥሩን ማስተባበል ከባድ ነው።

መልሱን በእጅ ለአለቃ ሰጥተው አይመለሱ። መዝገብ ቤት ያስገቡና በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። በኢሜይል ከላኩም የተላከበት ቀን የሚታይበትን ቅጂ አትመው ያስቀምጡ። ምስክሮችዎን ስማቸውን፣ ያዩትን ነገርና ሰዓቱን ጽፈው ይያዙ፤ ምን ማለት እንዳለባቸው ግን አያስጠኗቸው። የተጠና ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት መበላሸቱ አይቀርም፤ ክርክሩንም ይዞት ይወድቃል።

ውንጀላው የተነዛው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ቡድን ከሆነ በንዴት ከቡድኑ አይውጡ። ስክሪንሹት ሲያነሱ መልእክቱ ብቻውን አይበቃም፤ የላኪው ስምና ስልክ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የቡድኑ ስምና የአባላቱ ቁጥር፣ ከላይና ከታች ያሉት መልእክቶችም ይታዩ። የተቆረጠ ምስል «ተቀናብሯል» ለሚል መከራከሪያ በር ይከፍታል። መልእክቱን በራሳቸው ስልክ ያዩ ሁለት የቡድኑ አባላት ቢመሰክሩ የበለጠ ይጠነክራል። የወንጃዩን ስልክ ወይም ኢሜይል ከፍቶ ማስረጃ መፈለግ ግን በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ተበዳይ ሆነው ሳለ ተከሳሽ ያደርግዎታል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ፈጽሞ አያድርጉ። መልቀቂያ አያስገቡ። በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ በኋላ «ያለአግባብ ተባረርኩ» ብሎ ለመከራከር መሠረት አይኖረውም። ወንጃዩን በሥራ ቦታ አይጋጠሙት። ውንጀላው ሐሰት ቢሆንም እንኳ በሥራ ቦታ ለጠብ ተጠያቂ መሆን፣ እንደ ነገሩ ክብደት፣ ያለማስጠንቀቂያ፣ ማለትም አስቀድሞ ጊዜ ሳይሰጥ፣ የሚያሰናብት ምክንያት ነው። በማኩረፍ ከሥራ አይቅሩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን መቅረትም እንዲሁ ያሰናብታል። በሐሰቱ ሊያሰናብትዎ ያልቻለ አሠሪ በእነዚህ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል።

አሠሪዬ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ሊያባርረኝ ይችላል?

በግል ድርጅትና በመንግሥት የልማት ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁትን ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ዘርዝሯል። በሐሰት ውንጀላ ብዙ ጊዜ የሚመዘዙት ማታለል ወይም ማጭበርበር፣ የአሠሪን ንብረት ወይም ገንዘብ አላግባብ መጠቀም፣ ጠብና ግጭት፣ ወሲባዊ ትንኮሳና አካላዊ ጥቃት ናቸው።

ከአሠሪው የሚጠበቀው ነገር ሦስት ነው። ስንብቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ በደብዳቤው ላይም ምክንያቱና ስንብቱ የሚጸናበት ቀን መገለጽ አለባቸው። እርምጃውን ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ መውሰድ አለበት፤ ካለፈበት በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ጥፋቱ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የእሱ ነው። «ባልደረባው እንዲህ ብሏል» የሚለው ወረቀት ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ተናጋሪው ችሎት ቀርቦ በመሐላ ይመሰክራል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይቀርብለታል። ቢሮ ውስጥ ደፍሮ የተናገረ ሰው ዳኛ ፊት ቃሉን ሊያለሳልስ ይችላል።

ስለዚህ የስንብት ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ጥቆማው ለአሠሪው የደረሰበትን ቀንም ማወቅ ያስፈልግዎታል። የጥቆማውን ቅጂ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው።

ድርጅቱ ሕብረት ስምምነት፣ ማለትም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ስምምነት፣ ካለው ያንብቡት። የዲሲፕሊን አካሄድ፣ የቅሬታ ደረጃና ከሥራ የማገድ ሁኔታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚደነገገው። የሠራተኛ ማኅበር ካለም ቃል በሚሰጡበት ዕለት ተወካይ አብሮዎት እንዲቀመጥ ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ከተያዘ ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ያላሉት ነገር ከተጻፈበት እዚያው በእጅዎ አርመው ይፈርሙ።

ከተባረርኩ መጀመሪያ የት ልሂድ?

ወደ ሥራ ክርክር ችሎት። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ይርጋ ማለት መብቱ እያለ የመጠየቂያው ጊዜ ማለቅ ነው። ከስንብት ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር አለ።

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት እዚህ ጋ ነው። አሠሪው ጉዳዩን ለፖሊስም አመልክቶ ከሆነ ሠራተኛው «መጀመሪያ ከወንጀሉ ነጻ ልውጣ፣ ከዚያ ሥራዬን እጠይቃለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የፖሊስ ምርመራ ደግሞ በ3 ወር ላያልቅ ይችላል። ነጻ በወጣበት ቀን የወደ ሥራ መመለስ ጥያቄው ይርጋ ያግደዋል። ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ማስገባትም ይርጋውን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። ቅሬታዎን ያስገቡ፤ ክሱንም ያስገቡ።

ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ በተግባር ሊዘገይ ይችላል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ማነጋገር ይችላል።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ሊያዝ ይችላል። ይህን የወሰነው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ ውዝፍ ደመወዝ እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ ከሆነ እስከ 1 ዓመት ሊፈቀድ ይችላል። መመለስ ካልፈለጉ፣ ወይም ግንኙነቱ ከመሻከሩ የተነሣ አብሮ መሥራት አይቻልም ተብሎ ከታመነ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሠራተኛ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሳ ይከፈላል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የስንብት ክፍያም አለ። በቀላል ስሌት፣ ወር 9,000 ብር የሚከፈለውን ሰው ደመወዝ በ30 ብናካፍለው የቀኑ 300 ብር ነው፤ ካሳው ብቻ 54,000 ብር ይሆናል።

ክሊራንስ ሲያወጡ የሚቀርብልዎትን ወረቀት ሁሉ ያንብቡ። «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል መስመር መሐል ላይ ሊኖር ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ማግኘት መብትዎ ነው፤ የሚጻፍበትም የሠሩት ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንዎና ደመወዝዎ ነው። የውንጀላ ታሪክ የሚጻፍበት ቦታ አይደለም።

አንዳንዱ ሰው ሳይባረር «በዚህ ውርደት ውስጥ አልሠራም» ብሎ መሄድ ይፈልጋል። አሠሪው ራሱ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥና ካሳ መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት ለመጠቀም ያለው ጊዜ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ልብ ይበሉ፣ ድርጊቱ የአሠሪው መሆን አለበት። እኩያ ባልደረባ መዋሸቱ ብቻውን እዚህ ውስጥ አይገባም።

የሥራ መሪዎች፣ ማለትም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመመደብ ሥልጣን ያላቸው ኃላፊዎች፣ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ጉዳያቸው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው፤ ወደ ሥራ የመመለስ መብትም እንደ ተራ ሠራተኛ አይኖራቸውም።

ወንጃዩን ራሱን ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ ሰው ክብሩና መልካም ስሙ እንዲከበር መብት ሰጥቷል። ዝርዝሩ ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ነው። በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሌላ መንገድም በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት የሚያደርግ፣ መታመኑን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ስም በማጥፋት ተጠያቂ ይሆናል።

እዚህ ሁለት ነገር ለተበዳዩ ያግዛል። አንደኛ፣ ለካሳ ክስ የመጉዳት ሐሳብ መኖር አያስፈልግም። «ልጎዳው ብዬ አይደለም» ማለት አያድንም። ሁለተኛ፣ የተናገርኩት እውነት ነው የሚል ተከሳሽ እውነትነቱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። እርስዎ የሚያስረዱት ቃሉ መነገሩን፣ ለማን እንደተነገረና ምን ጉዳት እንዳደረሰ ነው። «አልሰረቅኩም» የሚለውን ከባዶ ተነሥቶ ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ገደብ አለ። ለሞራል ጉዳት፣ ማለትም ለደረሰብዎ ሐዘን፣ ውርደትና ጭንቀት የሚፈረደው ካሳ በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለተጎዳ ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል። እስከዚያው ድረስ «ስሜ ጠፍቷልና ግማሽ ሚሊዮን ብር» ብሎ የሚያመለክት ሰው ጉልበቱን ባልሆነ ቦታ ያጠፋል።

ጣሪያ የሌለው የቁሳዊ ጉዳት ካሳ ነው። በውንጀላው ምክንያት ያጡት ደመወዝ፣ የቀረብዎት ዕድገት፣ የተሰረዘ የቅጥር ስምምነት፣ የሕክምና ወጪ እዚህ ይገባሉ። የሚከፈለውም የጉዳቱን ያህል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ብር ሰነድ ይፈልጋል፤ ከውንጀላው ጋር ያለው ትስስርም መታየት አለበት። የዕድገት ዝርዝሩ ላይ ስምዎ ከነበረና ጥቆማው ከመጣ በኋላ ከተሰረዘ ሁለቱን ሰነዶች ከነቀናቸው ያቅርቡ። አዲስ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤውን ከሳበብዎት ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከአሠሪው በሥራ ክርክር ያገኙትን ውዝፍ ደመወዝ ደግመው ከባልደረባው አይጠይቁ፤ አንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

ከገንዘቡ ሌላ ፍርድ ቤቱ ስም ማጥፋቱን የሚያስተባብል ነገር በተከሳሹ ወጪ እንዲገለጽ ሊያዝ ይችላል። ውንጀላው የተነዛው 200 ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ከሆነ ማስተባበያው እዚያው እንዲወጣ ይጠይቁ። ይህ ከ1,000 ብሩ ይበልጥ ይክሳል።

ክሱን ለማቅረብ ያለው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ከሥራ ክርክሩ በተለየ እዚህ በሚጠይቁት ገንዘብ ልክ የዳኝነት ክፍያ ይከፍላሉ። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ባልደረባው በፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ በተናገረው ቃል የስም ማጥፋት ካሳ አይጠየቅበትም፤ ሕጉ ለክርክር አዳራሽ ከለላ ሰጥቷል። የሚከሱት ከችሎት ውጭ ባለው ነው።

መቼ ነው ወንጀል የሚሆነው?

እዚህ ላይ ሐሳቡና እውቀቱ ይመዘናል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613፣ የሌላውን ክብር ወይም ስም ለመጉዳት አስቦ ለሦስተኛ ሰው ነገር የሚያወራ ሰው ይቀጣል፤ ውሸት መሆኑን እያወቀ ካደረገው ቅጣቱ ይከብዳል። ሦስተኛ ሰው መኖሩ ግድ ነው። ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ «ሌባ» ቢልዎ ነገሩ ስድብ ወደሚባለው ያዘነብላል።

ይህ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ተበዳዩ ካላመለከተ መንግሥት በራሱ አይነሣም። አቤቱታውም የሚቀርበው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀ ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ «ሳምንት ይቅርታ ይጠይቃል» ሲባል የሚያልፈው ይህ ጊዜ ነው። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ቀኑን ግን ካላንደር ላይ ያክብቡት።

በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ከተሰራጨ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይነሣል። የሰውን ክብር ወይም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒዩተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። በቢሮ ኮሪደር ከተወራው በቡድን የተላከው የበለጠ ያስጠይቃል ማለት ነው፤ ለማስረዳትም ይቀላል።

ከሁሉም የሚከብደው ንጹሕ መሆንዎን እያወቀ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ «ወንጀል ሠርቷል» ብሎ ማመልከት ነው። ይህ በሐሰት መወንጀል ይባላል፤ ተበዳዩ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ፍትሕም ነው። ማስረጃው ማመልከቻው ራሱና አመልካቹ የሰጠው ቃል ናቸው፤ የፖሊስ መዝገቡን ቁጥር ይያዙ። በችሎት በመሐላ የዋሸ ምስክርም በሐሰተኛ ምስክርነት ይጠየቃል።

በወንጀሉ ተከሳሹ ነጻ ቢባል የካሳ ክሱ አይወድቅም። የፍትሐ ብሔር ችሎት በወንጀል ችሎት የነጻነት ውሳኔ አይታሰርም፤ የማስረጃ ሚዛኑም የተለያየ ነው። ይህ ሕግ ለእርስዎም ተቃራኒ ሆኖ ይሠራል፦ ከስርቆት ክስ ነጻ ወጡ ማለት በሥራ ክርክሩ አሸነፉ ማለት አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንኩስ?

በሮቹ ያው ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻ ይለያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በአዋጅ 1156 አይታይም። የዲሲፕሊን ክስ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መልስ ይሰጣል፤ ማስረጃና ምስክር ያቀርባል፤ በቀረበበት ምስክር ላይም ጥያቄ ያነሣል። ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ለኃላፊው ያቀርባል። በከባድ ቅጣት ያልተስማማ የፌዴራል ሠራተኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ውሳኔው በደረሰበት ቀን መቁጠር ይጀምራል። ክልሎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። የኮሚቴው አባል ከወንጃዩ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ ካለው ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ይቃወሙ፤ ውሳኔው ከወጣ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ሰበብ ይመስላል።

እርቅ ቢመጣስ?

ብዙው የሥራ ቦታ ነገር የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ነውርም የለውም። አብሮ ውሎ አብሮ መብላት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብሎ ጉልበት መሳሳም ብቻ ከሆነ፣ ወረቀቱ በግል ማኅደርዎ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕድገት ሲወዳደሩ አዲስ ኃላፊ ማኅደሩን ይከፍትና «በስርቆት ተጠቁሞ ነበር» የሚለውን ያነባል። እርቁን አያውቅም።

ስለዚህ እርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ወንጃዩ ምን ብሎ እንደነበርና ያ ትክክል እንዳልነበረ በራሱ ፊርማ ይግለጽ። ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ አይጻፍ፤ የመጀመሪያው ጥቆማ ለደረሰው ኃላፊና ለሰው ሀብት ክፍል ይጻፍ፣ ግልባጩ ለእርስዎ ይሁን። አሠሪው ደግሞ ጉዳዩ መዘጋቱንና ምንም ጥፋት እንዳልተገኘብዎት ጠቅሶ በቁጥርና በማኅተም ይጻፍልዎት፤ ያ ደብዳቤም ከጥቆማው ጋር አብሮ ማኅደሩ ውስጥ ይግባ። የወንጀል አቤቱታዎን ከማንሣትዎ በፊት እነዚህ ሁለት ወረቀቶች በእጅዎ ይሁኑ።